ጎንደር ላይ ባር ወይም ግሮሰሪ ላላችሁ፦ የመጠጥ ዋጋ ዝርዝር በህጉ መሰረት እንዴት ይለጠፋል?

ግሮሰሪ ውስጥ የሚነሳ ጸብ ሁሉ ከስካር የሚመጣ ይመስለናል። ልብ ብሎ ላየው ግን ብዙው የሚነሳው ሂሳብ ሲመጣ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንዱ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ። ባዶ ጠርሙሶቹ ከጠረጴዛው አይነሱም። ሂሳብ ሲጠየቅ አስተናጋጇ የጠርሙሶቹን አፍ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። "ስድስት ቢራ፣ ሁለት ውሃ፣ አንድ አምቦ።" በቁጥሩ ማንም አይከራከርም፤ ጠርሙሱ ፊት ለፊት ቆሟል። ፊት የሚጠቁረው ዋጋው ሲነገር ነው። "ባለፈው በዚህ ነው እንዴ የጠጣነው?" ይላል አንዱ። ልጅቷ ወደ ባልኮኒው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። በመጨረሻ እንግዳው ልክ ነው ያለውን ከፍሎ ይወጣል። ልዩነቱ ብዙ ቤት ከእሷ ደሞዝ ይቆረጣል።

ይህን ጣጣ የሚያስቀረው በቅጡ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ነው። መለጠፉ ደግሞ ለባለቤቱ ፍላጎት የተተወ አይደለም፤ የህግ ግዴታ ነው። ችግሩ ብዙ ቤት ዝርዝሩን የሚለጥፈው ለተቆጣጣሪ ነው። አንዴ ያሰራዋል፣ ከፍሪጁ ጀርባ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ዝርዝሩ የሚጠቅመው እንግዳው "አምጪ" ከማለቱ በፊት ሲያየው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት በዚህ ሃሳብ ነው።

ህጉ ምን ይላል?

ዋናው ህግ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አንቀጽ 15 ማንኛውም ነጋዴ የሚሸጠውን እቃ ወይም የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ወይም በእቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። የሚለጠፈው ዋጋ ታክስንና ሌሎች ህጋዊ ክፍያዎችን ያካተተ መሆን አለበት። ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መሸጥ ክልክል ነው። አንቀጽ 17 ደግሞ ለሸጣችሁት ነገር ደረሰኝ ስጡ ይላል።

ያው አዋጅ ለሸማቹ የዘረዘራቸው መብቶችም አሉ። ስለሚገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት አንዱ ነው። አማርጦ መግዛት፣ ዋጋ ስለጠየቀ ብቻ ግዛ ተብሎ አለመገደድም አለበት። በትህትና መስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት መጠበቅም እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ "ዋጋ ጠይቀህ ልትወጣ ነው?" ብሎ ፊት መንሳት ከነውርነቱ ሌላ ከአዋጁም ጋር ያጋጫል።

ሁለተኛው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። የንግድ ፈቃዳችሁን በሚታይ ቦታ እንድትሰቅሉ ያስገድዳል። ሁለቱን፣ ፈቃዱንና የዋጋ ዝርዝሩን፣ ጎን ለጎን ማድረግ ይመቻል።

አዋጆቹ የፌዴራል ናቸው። ጎንደር ላይ ቁጥጥሩን የሚሰራው ግን የከተማው የንግድና ገበያ ልማት መምሪያና በየክፍለ ከተማው ያለው ጽህፈት ቤት ነው። አራዳም ሁኑ ማራኪ፣ አዘዞም ሁኑ ጃንተከል፣ ግዴታው አንድ ነው። ሆቴል፣ ናይት ክለብ፣ ግሮሰሪ፣ አዝማሪ ቤት፣ ጠጅ ቤት ተብሎ አይለይም።

አንደኛ፦ የምትሸጡትን ሁሉ መዝግቡ

ከባልኮኒው ኋላ ቁሙና መደርደሪያውን ከላይ እስከታች ጻፉ። ከዚያ ፍሪጁን ክፈቱ። ከዚያ ጓዳ ግቡ። ባለቤቱ በቃሉ የሚያውቀው ዝርዝር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

ቢራው አይረሳም። ዳሽን እዚሁ ከተማችን የሚጠመቅ ስለሆነ ዋጋውን ሁሉም በቃሉ ያውቃል፤ አንድ ብር ብትጨምሩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው። የፕላስቲክ ውሃ፣ አምቦ፣ ቶኒክ፣ ለጂን ማሟሟቻ የምትመጣው ለስላሳ፣ ሻይ። ቱርቦ የሚቀላቅል ቤትም ቱርቦውን ለብቻው መጻፍ አለበት። እንግዳው የቢራውንና የወይኑን ዋጋ ደምሮ ቱርቦው ስንት እንደሚመጣ ሊገምት አይችልም።

የሂሳብ ጭቅጭቅ የሚበዛው እነዚህ ያልተጻፉት ላይ ነው። ውሃ ሱቅ ስንት እንደሆነ ሰው ያውቃል። ባር ውስጥ እጥፍ ሲሆን ያመዋል። ባር ውስጥ መወደዱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ወንበርም መብራትም ሰራተኛም አለ። ሳይጻፍ መወደዱ ነው ጥፋቱ።

ስም ስትጽፉ ሰው የሚጠራውን ስም ጻፉ። "የአልኮል መጠጥ፣ አንደኛ ደረጃ" ብሎ መጻፍ መረጃ አይደለም። የቢራውን፣ የጂኑን፣ የኡዞውን፣ የወይኑን ስም አንድ በአንድ አስቀምጡ። የውጭ ውስኪና የአገር ውስጥ መጠጥ በአንድ መስመር አታጣምሩ።

ሁለተኛ፦ ልኩን ጻፉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው። ዋጋ ያለ ልክ ምንም አይናገርም። "ድራፍት 95 ብር" ተብሎ ቢጻፍ የየትኛው ብርጭቆ ድራፍት ነው? እዚህ ቤት ጃምቦ የሚባለውና ማዶ ያለው ቤት ጃምቦ የሚለው ላይመሳሰል ይችላል። አንዱ ወፍራም ቂጥ ያለው ብርጭቆ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ትልቅ፣ ውስጡ ግን ጠባብ።

የጠርሙስ ቢራ ቀላል ነው። ብዙው 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ገልብጡት።

ለድራፍት ግን ብርጭቋችሁን ራሳችሁ ለኩ። መስመር ያለው የወጥ ቤት መለኪያ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ አምጡ። ብርጭቆው ውስጥ ቢራው ሊደርስ የሚገባው ቦታ ድረስ ሙሉት። አረፋው የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይጨምር ማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን በህክምና መርፌ ለኩና ከ500 ቀንሱ። መርፌው ላይ ሚሊ ሊትር ተጽፏል፤ ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል። 100 ሚሊ ሊትር ከቀረ ብርጭቋችሁ 400 ነው። ይህንኑ ጻፉ፦ "ድራፍት፣ ጃምቦ፣ 400 ሚሊ ሊትር"። ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ካላችሁ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ወይም አንዱን ጨርሶ አስወግዱ። ብርጭቆ ሲሰበር የተገኘውን ገዝቶ መተካትም ልኩን ያዛባል፤ በዚያው ልክ ግዙ።

ጂን፣ ኡዞ፣ ውስኪና አረቄ በመለኪያ ነው የሚሸጡት። መለኪያችሁ ስንት ይይዛል? 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ30 ሚሊ ሊትር መለኪያ 25 ጊዜ ይቀዳል። በ50 ከሆነ 15 ጊዜ ነው። በ40 ከሆነ 18 ጊዜ ተቀድቶ 30 ሚሊ ሊትር ይተርፋል። ይህን ስሌት ባለቤቱ ካላወቀው ዋጋውንም በግምት ነው ያወጣው፤ በዓይን የሚቀዳ ቤት ደግሞ ለወዳጁ ያበዛል፣ ለማያውቀው ያሳንሳል። እንግሊዝ አገር ጂን፣ ረም፣ ቮድካና ውስኪ በብርጭቆ ሲሸጥ ልኩ በህግ ተወስኗል፤ ወይ 25 ወይ 35 ሚሊ ሊትር፣ ወይም የነሱ ብዜት ነው። አንድ ቤት ሁለቱን ልክ ቀላቅሎ መጠቀም አይፈቀድለትም። እኛ ዘንድ ቢያንስ የራሳችንን ልክ መርጠን፣ ጽፈን፣ በሱ መጽናት አያቅተንም። "ሲንግል" እና "ደብል" ብላችሁም ከሆነ የምትሸጡት፣ ሚሊ ሊትሩን አጠገቡ አድርጉ።

ጠጅ ቤት ያላችሁ፣ ብርሌ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ጠላም በጣሳ ይሁን በሊትር፣ የያዘውን ለክታችሁ ጻፉ። ቤታችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። አንድ ጥሩ ካርቶን ላይ በፓርከር የተጻፈ ንጹህ ዝርዝር ይበቃል። ህጉ የሚታይ ይሁን አለ እንጂ ውድ ይሁን አላለም።

ሦስተኛ፦ የመጨረሻውን ዋጋ አውጡ

እንግዳው ማየት ያለበት ከኪሱ የሚወጣውን ቁጥር ነው። ከስር በደቃቅ ፊደል "ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም" ብሎ መጻፍ ከአዋጁ መንፈስም ከፊደሉም ውጭ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ቢራ ያለ ታክስ 80 ብር ነው እንበል። ቤታችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍል ከሆነ 8 ብር ይጨመራል፣ 88 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት 13 ብር ከ20 ነው። ድምሩ 101 ብር ከ20 ሳንቲም። ሜኑው ላይ 80 አይቶ ያዘዘ ሰው በአንድ ጠርሙስ ከ21 ብር በላይ ያልጠበቀው ነገር መጣበት ማለት ነው። አምስት ሰው ሦስት ሦስት ቢራ ከጠጣ ከ300 ብር በላይ ልዩነት ይመጣል። ጸቡ ከየት እንደሚነሳ ያኔ ይገባችኋል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ አስሉ። ሰርቪስ ቻርጅ የሌለው ቤት 95 ብር መሸጥ ከፈለገ 95ን ለ1.15 ያካፍላል። 82 ብር ከ61 ዋጋው ነው፣ 12 ብር ከ39 ቫቱ። ሰርቪስ ያለው ቤት 100 ብር መሸጥ ከፈለገ 100ን ለ1.265 (1.10 በ1.15 ሲባዛ) ያካፍላል፤ መነሻው 79 ብር ከ5 ሳንቲም ይሆናል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው 95 ወይም 100 ብቻ ነው። ዝርዝሩን ማሽኑ ደረሰኙ ላይ ያወጣዋል። ሳንቲም መላሽ የለም የሚለው ንትርክም በዚሁ ይቀራል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የቫት ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ ቫት ብላችሁ ምንም መሰብሰብ አትችሉም፤ ዝርዝራችሁ ላይም ቃሉ አይግባ። ኤክሳይዝ ታክስ ደግሞ ቢራው ከፋብሪካ ሲወጣ ወይም መጠጡ ከውጭ ሲገባ የሚከፈል ነው። እናንተ የገዛችሁበት ዋጋ ውስጥ አለ። "ኤክሳይዝ ጨመረብን" ብሎ ሂሳብ ላይ ለብቻው መደመር የለም፤ መግዣው ከጨመረ የመሸጫ ዋጋችሁን ቀይራችሁ ለጥፉ።

ቲፕ በፍጹም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እሱ የእንግዳው ደስታ ነው፣ ለአስተናጋጇ። ሰርቪስ ቻርጅ የምታስከፍሉ ከሆነ ግን እንግዳው ሁለቱን እንዳያምታታ በዝርዝሩ ግርጌ "ዋጋው ቫትንና ሰርቪስ ቻርጅን ያካትታል" ብላችሁ ጻፉ።

አራተኛ፦ ጻፉትና ስቀሉት

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

ቢራ (ስሙ)፣ ጠርሙስ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 95 ብር
ድራፍት፣ ጃምቦ፣ 400 ሚሊ ሊትር፣ 100 ብር
ጂን (ስሙ)፣ አንድ መለኪያ፣ 30 ሚሊ ሊትር፣ 60 ብር
ውሃ፣ ግማሽ ሊትር፣ 30 ብር

ዋጋዎቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ አጻጻፉን ያዙ። ስም፣ መያዣ፣ ልክ፣ ብር። ከግርጌ "ይህ ዋጋ የሚሰራው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው" ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ የድርጅቱን ማህተም አድርጉበት። ቀን ያለው ዝርዝር ክርክር ሲመጣ ይከራከርላችኋል።

ቦታው ወሳኝ ነው። እንግዳ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የባልኮኒው በላይ ያለው ግድግዳ ነው። በረንዳ ላይ የምታስተናግዱ ከሆነ ግን ውስጥ ያለው ሰሌዳ ለበረንዳው አይታይም። በረንዳውም፣ ኋላ ያለው ክፍልም፣ ፎቁም የየራሱ ዝርዝር ይኑረው፤ ወይም እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ሜኑ ይቀመጥ።

ምሽት ላይም ፈትሹት። ቀን በጸሐይ የሚነበበው ጽሁፍ ማታ ቀይ አምፖል ሲበራ ይጠፋል። በተለይ አዝማሪ ቤት መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ማሲንቆው ሲጀምር ደግሞ አስተናጋጇን ዋጋ ልጠይቅ ብትሉ አትሰማም። ከዝርዝሩ በላይ አንዲት ነጭ አምፖል አድርጉ።

ወረቀት ከሆነ በኤ3 አሳትማችሁ ላሚኔት አስደርጉ። ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ያምራል፤ ግን የሰው ትከሻ እየጠረገው ማታ ላይ 95ቱ 85 ይመስላል። እሱን የምትወዱ ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ቁጥሩን ሰርዛችሁ በላዩ ላይ አትጻፉ። በኮሬክተር ተቀብቶ የተጻፈ ዋጋ ለእንግዳም ለተቆጣጣሪም ጥርጣሬ ያሳድራል።

ኪውአር ኮድ ጠረጴዛ ላይ የሚያደርጉ ቤቶች መጥተዋል። መልካም ነው፣ ግን ተጨማሪ ይሁን። ስልኩ ባትሪ የጨረሰበት ወይም ዳታ የሌለው እንግዳ ዋጋ የማየት መብቱ አብሮ አያልቅም።

ከተማችን እንግዳ የማይለያት ከተማ ናት። ፋሲል ግቢን ሊያይ ለመጣ የውጭ እንግዳ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛም አዘጋጁ። ቁጥሩ ግን አንድ ይሁን። አማርኛው ላይ 95፣ እንግሊዝኛው ላይ 150 የሚል ሜኑ ማዘጋጀት ያሳፍራል። የተለጠፈው ዋጋ ለማንኛውም ሸማች የተለጠፈ ነው።

ከዝርዝሩ አጠገብ ሌላ አንድ ጽሁፍ ጨምሩ፦ "ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አንሸጥም።" የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያወጣው ገደብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙ ተማሪ ከዚህ እድሜ በታች ነው፤ መታወቂያ መጠየቅን ልማድ አድርጉት።

አምስተኛ፦ ማሽኑና ግድግዳው አንድ ይሁኑ

ዝርዝሩ 95 ይላል፣ ካሽ ሬጂስተሩ 98 ይመታል። እንዲህ ያለው ነገር ተንኮል ሳይኖርበትም ይመጣል። ዋጋው ሲቀየር ካሸሩ ማሽኑን አስተካክሏል፣ ግድግዳውን ግን ማንም አልነካውም። ለተቆጣጣሪ ግን ከተለጠፈው በላይ መሸጥ ነው፤ ምክንያቱን አይጠይቅም።

ስለዚህ ዋጋ የሚቀየረው ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ጠዋት ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ የጠረጴዛ ሜኑ፣ በመጨረሻ ሰራተኛው። ሲጨርሱ ካሸሩ ሦስት አራት እቃ መርጦ የማሽኑን ዋጋና የግድግዳውን ያስተያይ። የወረደውን ዝርዝር አትቅደዱት። መቼ እንደተነሳ ጻፉበትና ፋይል አድርጉት።

ማሽኑ ላይ እቃውን በስሙ አስገቡ። "ልዩ ልዩ" ወይም "መጠጥ 1" የሚል ደረሰኝ እንግዳው ከግድግዳው ጋር ሊያመሳክረው አይችልም። ደረሰኝ ራሱ አለመስጠት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ ያለ ታክስ ደረሰኝ ለተፈጸመ ለእያንዳንዱ ግብይት 50,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። አንድ ቢራ ያለ ደረሰኝ ሸጦ ይህን መክፈል ቤት ያዘጋል።

በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፈል ሂሳብም ደረሰኝ አይቀርለትም። የዝውውር መልዕክቱ ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል እንጂ የሽያጭ ደረሰኝን አይተካም።

ስድስተኛ፦ ሙዚቃ፣ ኳስና ጥምቀት

ቀን አንድ ዋጋ፣ ማታ ሌላ ዋጋ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ። ባንድ ሲኖር ወይም አዝማሪ ሲገባ ይጨምራሉ። ይህን ማድረግ የፈለገ ቤት ሁለቱንም ዋጋ ከነሰዓቱ ይለጥፍ፤ "እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት" እና "ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ" በሚል ሁለት ረድፍ። ሰዓቱ ከማለፉ በፊት የታዘዘ መጠጥ በቀድሞው ዋጋ ይታሰባል። አስተናጋጇም ሰዓቱ ሲቃረብ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ብታስታውስ እንግዳው ያከብራችኋል።

ለኳስ ወይም ለሙዚቃ መግቢያ የምታስከፍሉ ከሆነ ክፍያው በር ላይ ይጻፍ። ሰው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ከጠጣ በኋላ "የሙዚቃ" ተብሎ ሂሳብ ላይ የሚደመር ነገር አይኑር። መጠጥ የግድ መግዛት አለበት ካላችሁም በሩ ላይ ጻፉት። ለአዝማሪው የሚሸለመው ሽልማት ግን የእንግዳውና የአዝማሪው ነው፤ ቤቱ አይገባበትም።

ጥምቀት ለብቻው ይነሳ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው ሞልቶ ይፈሳል፤ ግሮሰሪውም እንዲሁ። የብዙ ቤት ዋጋ የሚሰቀለው በዚህ ሰሞን ነው። የሚያሳዝነኝ ጭማሪው በቃል መሆኑ ነው። ግድግዳው የታህሳሱን ዋጋ ይላል፣ አስተናጋጇ ሌላ ትላለች። እንግዳው ከሩቅ ነው የመጣው፣ ምናልባት መጀመሪያ ጊዜው ነው። ሂሳቡን ከፍሎ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ አገሩ ሲገባ የሚያወራው ግን ስለዚያ ሂሳብ ነው።

ለበዓሉ መጨመራችሁ ካልቀረ ከተራ ከመድረሱ በፊት አዲሱን ዝርዝር በቀን፣ በማህተም ለጥፉ። በበዓሉ መሃል፣ ሰው ተቀምጦ እየጠጣ፣ አትቀይሩ። በዓሉ ሲያልፍም አሮጌውን ዋጋ መልሳችሁ ስቀሉ። ከበዓል በፊት መምሪያው መመሪያ ወይም ማሳሰቢያ ሊያወጣ ስለሚችል ጽህፈት ቤቱን አንድ ጊዜ ጠይቁ። ደግሞም ፈቃድ ማደሻ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ስለሆነ ለዚያ ስትሄዱ የዋጋ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ አሳዩ፤ አንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይጨርሳል።

ሰባተኛ፦ ለሰራተኛው ንገሩ

ዝርዝሩን የሚያስከብረው አስተናጋጅ ነው። ስራ ሲጀምር ዝርዝሩን በቃሉ እንዲያውቅ አድርጉ። የማያውቀው ነገር ሲጠየቅ "ይመስለኛል" አይበል፤ ግድግዳውን ያሳይ። እንግዳ ውድ ነገር ሲያዝ፣ ለምሳሌ ጠርሙስ ውስኪ ሲከፈት፣ ዋጋው አስቀድሞ ይነገረው፤ ቆቡ ከመከፈቱ በፊት። ይህን ለመናገር "እንግዳው ናቅሽኝ ይለኛል" ብለው የሚፈሩ ልጆች አሉ። ባለቤቱ ራሱ "ንገሩ" ካላቸው ፍርሃቱ ይለቃቸዋል።

እንግዳው ተሳስቶ ሳይሆን ቤቱ ተሳስቶ ልዩነት ከመጣ፣ ያ ልዩነት የቤቱ ነው። ከልጅቷ ደሞዝ አትቁረጡ። ዝርዝሩን ያላስተካከለችው እሷ አይደለችም።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ

መታወቂያውን ይጠየቅ፤ አያስቀይምም። ብዙውን ጊዜ የሚያየው ፈቃዱን፣ የዋጋ ዝርዝሩን፣ ደረሰኙንና ማሽኑን ነው። አንድ ነገር ጎድሎ ከተገኘ በጽሁፍ ይሰጣችሁ፣ የምታርሙበትን ቀን ተቀበሉ፣ ስታርሙ ፎቶ አንሱ። ያስቀመጣችሁት የቀድሞ ዝርዝር ፋይል የሚጠቅመው ያኔ ነው።

እናንተ ጠጪዎችስ?

ሰሌዳውን እዩ፤ ከሌለ ጠይቁ። ዋጋ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም፣ መብት ነው። ሂሳብ ሲመጣ ደረሰኝ ጠይቁና ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካያችሁ አስተናጋጇ ላይ አትጩሁ። ባለቤቱን ወይም ስራ አስኪያጁን አስጠሩ፣ ዝርዝሩን አሳዩት። አብዛኛው እዚያው ያልቃል።

ካላለቀ የዝርዝሩን ፎቶ አንሱ፤ ሰው ፎቶው ውስጥ አይግባ። ደረሰኙን ያዙ። በማግስቱ ቤቱ ወዳለበት ክፍለ ከተማ ንግድና ገበያ ልማት ጽህፈት ቤት ሂዱ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የቤቱ ስም፣ ደረሰኙ ላይ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የጠጣችሁት ነገር፣ የተለጠፈው ዋጋ፣ የከፈላችሁት ዋጋ። ደረሰኝ ተከልክላችሁ ከሆነ ይህንንም ጻፉ፤ እሱ ለብቻው ጥፋት ነው። የደረሰኙን ኮፒ አያይዙ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቅር። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተምና ቀን አስመትታችሁ ውሰዱ።